የነጩ ቀለም ዕዳ

ጎርጎራ የደረሰ መንገደኛ ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ፣ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በዛፎች መካከል ደብረ ሲና ማርያምን ያገኛል። ትውፊት የደብሩን ምሥረታ ወደ 14ኛው ምዕተ ዓመት ይወስደዋል፤ መቅደሱን ያለበሱት ሥዕሎች ግን የ17ኛው ምዕተ ዓመት ሥራዎች ሲሆኑ፣ ታሪካቸው የሚነሣው ከአፄ ሱስንዮስ ቤተሰብ ከነበረችው ከእመቤት መለኮታዊት ጋር ነው። ከውጭው ብርሃን ወደ ውስጡ ጥላ የተሻገረ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ቀዩን ልብስ ወይም ቢጫውን አክሊለ ብርሃን አይደለም፤ ዐይኖችን ነው። ጻድቃን ፊት ለፊት ይሣላሉና ሁለት ዐይን አላቸው፤ ክፉዎች በጎን ይሣላሉና በአንድ ዐይን ይቀራሉ። ይህ የሀገራችን ሠዓሊያን ለረጅም ዘመን የጠበቁት ሥርዐት ነው። ብሌኑ ጥቁር ነው፤ ጥቁሩን ብሌን የሚያናግረው ግን በዙሪያው ያለው ነጭ ነው። ነጩ ባይኖር ጻድቁም ኃጥኡም እኩል ዕውር በሆኑ ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ወደዚያ በሄድሁ ጊዜ ሥዕሉን ያሳዩኝን አባት፣ «አባቴ፣ ይህ ነጭ ከምን ተሠራ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ከመሬት ነው ልጄ፤ ሁሉም ከመሬት ነው» አሉኝ። መልሳቸው ለእርሳቸው ሙሉ ነበር። እኔ ግን ጥያቄውን ያነሣሁት ለሥዕሉ ስል ብቻ አልነበረም። ከሃያ ዓመት በላይ ይዤው የቆየሁት የራሴ የነጭ ቀለም ዕዳ ነበረብኝና፣ በእነዚያ ዐይኖች ፊት ስቆም ትዝ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ በመምህርነት በተመደብሁበት ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ አቋቋምሁ። ለዓመቱ መዝጊያ በጻፍሁት ተውኔት ውስጥ ሞት ራሱ ሰው መስሎ ይመጣ ነበር፤ ሞትም ነጭ ፊት እንዲኖረው ፈለግሁ። ዱቄት ብንቀባው በላብ ታጠበ። ኖራ ብናስብ ቆዳ ያቃጥላል ተባልን። በመጨረሻ የመማሪያ ክፍሎቹ በሮች ሲቀቡ የተረፈ ግማሽ ቆርቆሮ የዘይት ቀለም ተገኘ። ሞትን የሚጫወተው ልጅ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። «ዝም ብለህ ቁም» አልሁት፤ «እሺ» ብሎ ቆመ። ፊቱን በራሴ እጅ ቀባሁት። መጋረጃው ሲከፈት አዳራሹ ጸጥ አለ፤ እናቶች ልጆቻቸውን አቀፉ፤ መጨረሻ ላይ ጭብጨባው ጣራውን አናወጠው።

ቀለሙ ግን አልለቅም አለ። በነጭ ጋዝ አሸነው፤ ፊቱ ቆሰለ፣ ዐይኖቹ አበጡ፤ ሁለት ሳምንት ከትምህርቱ ቀረ። ልጠይቀው ቤቱ በሄድሁ ጊዜ እናቱ ቡና አፈሉልኝ፤ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ልጁ ባበጡት ዐይኖቹ እያየኝ፣ «ጋሼ፣ ከሩቅ ያምር ነበር?» አለኝ። «በጣም ያምር ነበር» አልሁት። መልሴ እውነት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያስጨነቀኝም እውነት መሆኑ ነው። በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ምን እንደ ተቀላቀለ አላነበብሁም ነበር፤ ለማንበብም በቆርቆሮው ላይ አንድ ፊደል አልተጻፈበትም ነበር።

እንግዲህ ለአንባብያን የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ ውበት በሰው አካል ዋጋ ሊገዛ ይገባዋልን? ይገባዋል ከተባለስ ከፋዩ ማን ነው? ጥያቄው የፍልስፍና ብቻ እንዳይመስለን፣ የአንድን ቀለም ታሪክ ይዘን እንመርምረው።

የእርሳስ ነጭ የሚባለው ቀለም ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የእርሳስ ማዕድን በስሱ ተጠፍጥፎ፣ ኮምጣጤ ካለበት የሸክላ ዕቃ ጋር በፈረስ ፋንድያ ውስጥ ለሳምንታት ይቀበራል። ፋንድያው ሲብላላ ሙቀትና አየር ይሰጣል፤ የኮምጣጤው እንፋሎት ማዕድኑን ይበላዋል፤ ግራጫው ብረትም ነጭ ቅርፊት ያወጣል። ያ ቅርፊት ተፍቆ፣ ታጥቦና ተፈጭቶ በዘይት ሲለወስ፣ ሌላ ነጭ የማይተካከለው ቀለም ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ሲቀባ ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል፤ ቶሎ ይደርቃል፤ ከግድግዳም ከሸራም ጋር ይጣበቃል። የአውሮፓ ሠዓሊያን ለብዙ መቶ ዓመታት የፊትን ብርሃንና የሐርን ወዝ ያወጡት በዚህ ነጭ ነው። ከፋንድያ የወጣ ነጭ ነገሥታትን አስጌጠ ማለት ነው።

ሴቶችም በፊታቸው ላይ ቀቡት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ክሴኖፎን ስለ ቤት አስተዳደር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ ኢስኮማኮስ የተባለ ባለጸጋ ወጣት ሚስቱን ፊቷን በእርሳስ ነጭ ቀብታ፣ ጉንጯን አቅልታ ያገኛታል። ተቆጥቶ አይመታትም፤ ይከራከራታል። እኔ የሌለኝን ሀብት እንዳለኝ አስመስዬ ባሳይሽ ትወጂኛለሽን ይላታል፤ እርሷም ተረትታ ቀለሙን ትተዋለች። ባልየው ስለ ውሸት በደንብ ተናገረ፤ ስለ መርዙ ግን አንድ ቃል አልወጣውም። ከዚህም በላይ፣ ሚስቱ ለምን መንጣት እንደ ፈለገች አልጠየቃትም። በዚያ ኅብረተሰብ ውስጥ ነጭ ፊት ማለት ፀሐይ ያልነካው፣ እርሻ ያልወጣ፣ ውሃ ያልቀዳ ፊት ማለት ነበር። ቀለሙ በመርዝ የተጻፈ የሥራ ፈትነት ምስክር ወረቀት ነበር ብንል ብዙም አንሳሳትም። የሚሠሩትን ሰዎች ፊት የናቀ ኅብረተሰብ የማይሠሩትን ሰዎች ፊት ሲመርዝ ኖረ።

አደጋው ተሰውሮ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ምዕተ ዓመት ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ እርሳስ የሚያቀልጡ ሠራተኞች ፊታቸው እንደሚገረጣ አይቶ፣ በእርሳስ ቧንቧ የሚሄድ ውሃም ጤና እንደሚጎዳ ጽፏል። ይህ ከተጻፈ ከ1700 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1760 በእንግሊዝ ሀገር በቁንጅናዋ ስሟ የገነነው ማሪያ ገኒንግ በ27 ዓመቷ ስትሞት፣ ሰዎች ሞቷን ያሳበቡት ፊቷን በምትቀባው የእርሳስ ነጭ ነበር። ዕውቀቱ በመጻሕፍት ውስጥ ነበረ፤ ቀለሙም በመስተዋቱ ሥር ነበረ፤ ሁለቱ አልተገናኙም።

የእኔን ሙያ በቀጥታ የሚነካው ታሪክ ግን ከጃፓን የሚመጣ ነው። በካቡኪ ቴያትር የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱ ወንዶች ፊታቸውን፣ አንገታቸውንና እጃቸውን በነጭ ዱቄት ይቀቡ ነበር፤ ዱቄቱም የእርሳስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ትርኢት ሲቀርብ፣ ናካሙራ ፉኩሱኬ የተባለው ወጣት ተዋናይ መድረክ ላይ እግሩ ይንቀጠቀጥበት ጀመር። ሕመሙ ከእርሳስ መመረዝ የመጣ መሆኑ ሲታወቅ ነገሩ የሀገር ጉዳይ ሆነ፤ እርሳስ የሌለበት ነጭ ዱቄት ለመሥራት ጥረት ተጀመረ፤ በ1930ዎቹም በእርሳስ የተሠራ የፊት ዱቄት በሕግ ተከለከለ። ተዋናዩ ኡታዬሞን 5ኛ በሚለው ስም ታላቅ ከያኒ ሆኖ እስከ 1940 ኖሯል፤ ጉዳቱ ግን አብሮት ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህንኑ ዱቄት ስማቸው ያልታወቀ ብዙ ተዋንያንና ብዙ እናቶች ለዘመናት ቀብተውታል። የአንድ ዝነኛ እግር በንጉሥ ፊት እስኪንቀጠቀጥ ድረስ የሌሎቹ መንቀጥቀጥ እንደ መንቀጥቀጥ አልተቆጠረም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ተቀባዮቹ ነው። ቀለሙን ስለሚሠሩትስ? በ19ኛው ምዕተ ዓመት በለንደንና በኒውካስል ፋብሪካዎች ውስጥ የእርሳሱን ክምር የሚያነሡት፣ ነጩን ቅርፊት በራሳቸው ላይ ተሸክመው የሚያመላልሱት በአብዛኛው ድኻ ሴቶች ነበሩ። ዝነኛው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በ1860ዎቹ መጨረሻ በምሥራቅ ለንደን እነዚህን ሴቶች በየቤታቸው ሄዶ አይቷቸው ጽፎላቸዋል። ሴቶቹ ሥራው እንደሚገድል ያውቁ ነበር፤ የሚሄዱት ሌላ ሥራ ስላልነበረ ነው። እነርሱ የሠሩት ነጭ የሌላ ሰው ሳሎን ግድግዳ ላይ ሲበራ፣ የእነርሱ ድድ በእርሳስ ጠቁሮ፣ ሆዳቸው በቁርጠት ተኮማትሮ፣ ፅንሳቸው ይጨናገፍ ነበር።

ከዚህ ላይ አንድ ተቃዋሚ ተነሥቶ፣ «ውበት ያለ መሥዋዕትነት አይገኝም፤ ገጣሚው እንቅልፉን፣ ዳንሰኛዋ ጉልበቷን፣ ሠዓሊው ዐይኑን ይከፍላል፤ ቀለሙ ከዚህ በምን ይለያል?» ሊል ይችላል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ እኔም በወጣትነቴ የምናገረው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ቋንቋችን ራሱ ያርመናል። መሥዋዕት መሆን አንድ ነገር ነው፤ መሥዋዕት ማድረግ ሌላ ነገር ነው። የራሱን እንቅልፍ የሚከፍል ገጣሚ መሥዋዕት ሆነ እንላለን። የሌላውን ፊት የሚከፍል የተውኔት ደራሲ ግን መሥዋዕት አደረገ እንጂ መሥዋዕት አልሆነም። ቢላዋውን የያዘና ከቢላዋው ሥር የተኛ አንድ ስም ሊጠሩ አይገባም።

ተቃዋሚው ቀጥሎ፣ «ልጁ ‹እሺ› ብሎህ የለምን? ሴቶቹስ በገዛ እግራቸው ወደ ፋብሪካው ሄደው የለምን?» ይለኝ ይሆናል። አዎን፣ ልጁ «እሺ» አለ። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን «እሺ» የሚለው ቃል ስንት ትርጉም እንዳለው ከማንም በላይ እናውቃለን። ተማሪ ለመምህሩ፣ ሠራተኛ ለአሠሪው፣ ታናሽ ለታላቁ የሚለው «እሺ» ብዙ ጊዜ መታዘዝ እንጂ መፍቀድ አይደለም። ለመፍቀድ ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ አንደኛው ማወቅ ነው፣ ሁለተኛው «እምቢ» ለማለት መቻል ነው። ልጁ ሁለቱም አልነበሩትም። የፋብሪካዎቹ ሴቶች አንደኛው ነበራቸው፤ ሁለተኛውን ረሀብ ወስዶባቸዋል። የእርሳስ ነጭ ታሪክ የሁለቱ ጉድለቶች ታሪክ ነው።

«ጊዜው አይፈቅድም ነበር፤ ሌላ ነጭ አልነበረም» የሚለውም ማመካኛ ሙሉ በሙሉ አይቆምም። በፓሪስ ከተማ ኤድም ዣን ለክሌር የሚባል፣ ከድኽነት ተነሥቶ የቤት ቅብ ሥራ ተቋራጭ የሆነ ሰው ነበር። ቀለም ቀቢዎቹ በእርሳስ ሲመረዙ አይቶ፣ በ1840ዎቹ የእርሳሱን ነጭ ትቶ ከዚንክ በሚሠራ ነጭ መቀባት ጀመረ፤ ትርፉንም ከሠራተኞቹ ጋር ይካፈል ነበር። ድርጅቱ አልከሰረም፤ ከበረ እንጂ። ይህ ሰው ፈላስፋ አልነበረም፤ ግን ፈላስፎች ያላዩትን አየ፤ በብሩሹ ጫፍ ያለውን ግድግዳ ብቻ ሳይሆን በብሩሹ እጀታ ያለውንም እጅ አየ።

ዓለም በሕግ ደረጃ ወደዚህ ለመድረስ ከለክሌር በኋላ ከ70 ዓመት በላይ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1921 ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በጄኔቫ ባደረገው ጉባኤ፣ ስለ እርሳስ ነጭ 13ኛውን ስምምነት አወጣ። በስምምነቱ መሠረት ከ2 በመቶ በላይ እርሳስ ያለበት ነጭ ለሕንፃዎች የውስጥ ቅብ እንዳይውል፣ ሴቶችና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶችም በዚህ ቀለም የኢንዱስትሪ ቅብ ሥራ እንዳይሠሩ ተወሰነ። የባቡር ጣቢያዎችና የኢንዱስትሪ ተቋማት በሁኔታው እንዲፈቀድላቸው ቀዳዳ ተተወ። የኪነ ጥበብ ሥዕልም ከክልከላው ውጭ ሆነ፤ ወሰኑን መንግሥታት እንዲያበጁለት ብቻ ተባለ።

ይህን አንቀጽ መጀመሪያ ሳነብ ደስ አለኝ፤ ኪነ ጥበብ ተከበረ አልሁ። ደግሜ ሳስበው ግን አፈርሁ። የሠዓሊው ነጻነት ትክክለኛ ምክንያት አለው፤ በራሱ ክፍል፣ በራሱ እጅ፣ አውቆ በጥቂቱ የሚቀባ ሰው የሚደፍረው በራሱ ላይ ነው። ነገር ግን ሠዓሊው ቀለሙን የሚያስፈጭበት ለማጅ ቢኖረውስ? ደራሲው የሚቀባው ፊት የተማሪው ቢሆንስ? ኪነ ጥበብ ከሕግ ነጻ የሚሆነው ከያኒው የራሱን ቆዳ እስከሚያልፍባት መሥመር ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ መሥመር ወዲያ ገጣሚም ቀለም ቀቢም ተቋራጭም እኩል ናቸው።

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። የጎንደር ዘመን ሥዕሎችን በቤተ ሙከራ የመረመሩ ባለሙያዎች ካገኟቸው ቀለሞች መካከል ሰማያዊው ኢንዲጎ ከዕፅ የሚገኝ ነው፤ ነጩም በአብዛኛው ከጀሶ የተሠራ፣ ሰው የማይገድል የመሬት ልጅ ነው። የጎርጎራው አባት «ከመሬት ነው» ሲሉኝ የተናገሩት ከእውነት የራቀ አልነበረም። ወርቅ የሚመስለው ቢጫ ኦርፒመንት ግን የአርሰኒክና የድኝ ውሁድ ነው፤ ደማቁ ቀይ ሲናባር ደግሞ የባዜቃና የድኝ ውሁድ ነው። ሁለቱም መርዞች ናቸው፤ ሁለቱም ከመሬት ናቸው። ፈጭቶ የለወሳቸው፣ የብሩሹን ጫፍ በከንፈሩ ለማሾል የተፈተነ ሰው ስሙን በግድግዳው ላይ አልጻፈም።

ታዲያ ይህን በማወቃችን ሥዕሎቹን በንቀት እንያቸውን? በፍጹም። አባቶቻችን የተጠቀሙበት ዘመናቸው በሰጣቸው ቀለም ነው፤ አርሰኒክ የሚለው ስም እንኳ አልደረሳቸውም። ሳያውቅ የጎዳና አውቆ የጎዳ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ግን ከዚህ የሚከተለውን ነገር መሸሽ አይገባንም፤ አለማወቅ እነርሱን ነጻ ካወጣ፣ ማወቅ እኛን ያስጠይቀናል። ዕውቀት ጌጥ አይደለም፤ ዕዳ ነው። ከትናንት ይልቅ ዛሬ ያለነው ሰዎች የበለጠ ባለዕዳዎች ነን።

ኩልንም እናንሣ። ከጎርጎራ እስከ ባሕር ዳር፣ በመላው ሀገራችን፣ ኩል የዐይን ጌጥም የዐይን መድኃኒትም ሆኖ ኖሯል። እናቶቻችን ድንጋዩን ፈጭተው፣ በብልቃጥ አኑረው፣ በበዓል ቀን ለራሳቸው፣ በሌላው ቀን ለሕፃኑ ይኩሉ ነበር። በልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች ለኩል የሚያገለግለው ጥቁር ድንጋይ አንዳንዱ አንቲሞኒ ሲሆን፣ አንዳንዱ የእርሳስ ማዕድን ራሱ ነው፤ በገበያ ላይ በዐይን ብቻ አይቶ ለመለየት ያስቸግራል። «ሊኩሉ ሲሉ ዐይን ማጥፋት» የሚለው አነጋገራችን ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ስለ ቸልተኛ ረዳት ነው፤ ዛሬ ግን ቃል በቃል ልናነበው ይገባናል። የእናት ፍቅር እውነት ነው፤ በጣቷ ጫፍ ያለው እርሳስም እውነት ሊሆን ይችላል። አንዱ እውነት ሌላውን አይሽረውም። በዘመናችንም በአፍሪካ ገበያዎች ቆዳ እናነጣለን ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶች ብዙዎቹ ባዜቃ ተገኝቶባቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት እንዲህ ያሉትን ለማስቀረት ከወጡት ሕጎች አንዱ ነው። የኢስኮማኮስ ሚስት ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ሌላ ብልቃጥ ይዛ ከመስተዋት ፊት ቆማለች።

በሀገራችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ቁጥር 429፣ በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ፣ ማለትም በአንድ ኪሎ ደረቅ ቀለም ከ90 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ተወስኗል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ደንብ ከወጣ በኋላ የሚመረተውን ይገዛል እንጂ፣ ቀድሞ የተቀባውን በር አያጥበውም። የቆየ ቅብ ይላጣል፤ ቅርፊቱ መሬት ላይ ይወድቃል፤ ሕፃን ያነሣዋል። በር እንደገና ሊቀባ ሲል ቀለም ቀቢው በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ አቧራው ወደ ሳንባው ይገባል፤ በልብሱም ወደ ቤቱ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን የሚባል ነገር አይታወቅም፤ ትንንሽ ሕፃናት ወደ ሆዳቸው ከገባው እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚያሳልፉት ዐዋቂዎች ከሚያሳልፉት 4 ወይም 5 እጥፍ ይሆናል። ሰውነት እርሳሱን ካልሲየም መስሎት በአጥንት ውስጥ ያከማቸዋል፤ እናት ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ፅንሱ ይሻገራል። በሕፃን አእምሮ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን የሚታይ ቁስል የለውም። ልጁ በክፍል ውስጥ «ሰነፍ» ይባላል፤ ማንም በሩን አይከስም።

በቋንቋችን ማዕድኑም መጻፊያውም «እርሳስ» ይባላሉ። መጻፊያው ግን ልቡ ግራፋይት ነው፤ እርሳስ የለበትም። ጥንት ሁለቱን አንድ ያደረጋቸው ግራጫ መልካቸው ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ከእንጨቱ ላይ የተቀባው፣ ልጅ ሲያስብ በጥርሱ የሚያኝከው አንጸባራቂ ቢጫ ቅብ ነው። ንጹሑ ነገር መርዘኛ ስም ተሸከመ፤ መርዙ ሊኖርበት የሚችለው ነገር ግን ስሙ «ጌጥ» ሆነ። ከዚህ የተሻለ የነገራችን ምሳሌ አላውቅም።

ይህን መጽሔት የሚያነቡት ካድሬዎች፣ መምህራንና ከያንያን ናቸውና፣ አንድ የማውቀውን ነገር ሳልሸፋፍን ልናገር። እንግዳ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው በጥድፊያ የሚቀባ ትምህርት ቤት አይቻለሁ። የቀለሙ ሽታ ሳይወጣ ተማሪዎቹ ተደርድረው ዘመሩ፤ እንግዶቹም ንጽሕናውን አደነቁ። የቆርቆሮውን ጽሑፍ ያነበበ አልነበረም፤ ለቀለም ቀቢው የአፍ መሸፈኛ የጠየቀ አልነበረም። በዚያች ሰዓት ግድግዳው የተቀባው ለልጆቹ አልነበረም፤ ለእንግዳው ዐይን ነበር። እኔም በጊዜዬ የልጁን ፊት የቀባሁት ለልጁ አልነበረም፤ ለጭብጨባው ነበር። ሥራው የተለያየ ቢመስልም ጥፋቱ አንድ ነው፤ ሰውን እንደ ግድግዳ ማየት ነው።

እንግዲህ የምደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ውበት ዋጋ አለው፤ ይህን መካድ ሕፃንነት ነው። ነገር ግን ዋጋው የሚከፈለው በሚያውቅ፣ እምቢ ማለት በሚችልና የውበቱም ተካፋይ በሆነ ሰው መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ውበቱ አይጠፋም፤ ያ ልጅ በእውነት ከሩቅ ያምር ነበር፤ ግን ውበቱ በስርቆት የተገኘ ይሆናል። የተሰረቀ ወርቅ ያበራል፤ ማብራቱ ባለቤት አያደርገንም። የካድሬው፣ የመምህሩና የከያኒው ሥራ ሰው የሚያበራ ነገር ሲያይ «ማን ከፈለበት?» ብሎ እንዲጠይቅ ማስለመድ ነው። ይህ ጥያቄ ውበትን አይገድልም። ለክሌርን አልገደለውም፤ የጃፓኑንም ቴያትር አልገደለውም፤ ነጩ ዱቄት ተለወጠ እንጂ መጋረጃው አልተዘጋም።

ያን ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት በባሕር ዳር አገኘሁት። የልጆች አባት ሆኗል። ስለዚያ ቀን ሳነሣበት ሣቀ፤ የሚያስታውሰው ጭብጨባውን ነው፤ ያበጡትን ዐይኖቹን ረስቷቸዋል። ይቅርታ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ምን ነካዎት፤ ያን ጊዜ ማን ያውቅ ነበር?» አለኝ። ደግነቱ አስለቀሰኝ፤ ነገር ግን የተበዳይ መርሳት ዕዳን አይሰርዝም። እርሱ በመርሳቱ እኔ የማስታወስ ግዴታዬ ተጨመረብኝ።

ዛሬ ተውኔት ሳዘጋጅ፣ ለተዋንያኑ ፊት የሚቀርበውን ቀለም አስቀድሜ በራሴ ክንድ ላይ እቀባለሁ። ይህ ማሳከኩንና ማቃጠሉን ይነግረኛል፤ እርሳሱን ግን አይነግረኝም። ስለዚህ በዕቃው ላይ የተጻፈውን እስከ መጨረሻው አነባለሁ፤ ለተዋናዩም አነብለታለሁ፤ «አልቀባም» ቢለኝ ትዕይንቱን እለውጣለሁ። ጽሑፍ የሌለበትን ቆርቆሮ አልገዛም።